ለእናቴ ውሻ ልግዛላት?

ጥያቄው፦ “ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ግፊት አለባት፣ መድኃኒት ትወስዳለች። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ካሳንቺስ የነበረው ቤታችን ለልማት ከተነሳ ወዲህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ተከራይተን አብራን ትኖራለች። ቀን ቀን እኔና ባለቤቴ ሥራ፣ ልጃችን ትምህርት ቤት ስለምንሄድ ብቻዋን ናት። ከቤተ ክርስቲያን በቀር አትወጣም። ቴሌቪዥን ትከፍትና ግድግዳውን ታያለች። ውጭ ያለው ወንድሜ ‘ውሻ ግፊት ይቀንሳል፣ ዕድሜ ይጨምራል’ የሚል ጽሑፍ ልኮልኝ ትንሽ የፈረንጅ ውሻ ግዢላት እያለኝ ነው። ብሩን እሱ ይልካል። እኔ ግን ፈራሁ። ልጄ አስም አለበት። እኔም የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አሁን ራሱ ደረጃ ላይ ለምትመጣ ድመት ሳንባ እያስገዛች ታበላለች። ጎረቤት እንዳይቆጣ ‘ተይ’ እላታለሁ፣ አትሰማኝም። ምን ይመክሩኛል?”

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ። ውሻውን አትግዢ። ቢያንስ አሁን አትግዢ። ድመቷን ግን “ተይ” አትበያቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማስረዳት ትንሽ ዞሬ መምጣት አለብኝ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ስታርፍ አባቴ ብቻቸውን ቀሩ። እኔም ወንድምሽ ያነበበውን አንብቤ ነበር። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ጥናቶቹን ከነቁጥራቸው አውቃቸዋለሁ። ነጭ፣ ጸጉራም ቡችላ ገዝቼ በካርቶን ይዤ ሄድኩ። አባቴ ካርቶኑን ከፍተው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። “ምን አድርግ ብለህ ነው?” አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ቡችላው ሌሊት ያለቅሳል። ምንጣፉ ላይ ይሸናል። አባቴ ለጸሎት በተነሱ ቁጥር እግራቸው ሥር ይገባል። አንድ ሌሊት ሊጥላቸው ሲል የበሩን መቃን ይዘው ተረፉ። በስምንተኛው ቀን ለግቢው ጥበቃ ሰጡት። እኔን እንኳ አላማከሩኝም።

ጥበቃው ከአገር ቤት የመጣ፣ ሰላምታ እንኳ በግድ የሚመልስ ዝምተኛ ሰው ነበር። ቡችላው አፉን አስከፈተው። የግቢው ልጆች ቡችላ ሊያዩ ይመጣሉ፣ ከእሱ ጋር ሲያወሩ ይውላሉ። እናቶች ልጆቻቸውን ፍለጋ ይመጣሉ፣ እነሱም ያወራሉ። አባቴ ደግሞ “ያ ውሻ ሌሊት ሲጮህ አደረ” ብለው ሊቆጡ ይወርዳሉ። ሊቆጡ ወርደው ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። በሁለተኛው ወር ሁለቱ ዳማ መጫወት ጀመሩ። ግፊታቸው በዚህ ወረደ ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ በዚያው ሰሞን የልብ ሐኪማቸው መድኃኒት ጨምሮላቸው ነበር። እንቅልፋቸው ግን ተመለሰ። ምግብም መብላት ጀመሩ።

እኔ ለአባቴ ውሻ ሰጠሁ። የተጠቀሙበት ግን ሰጥተውት ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ጽሑፍ ልምጣ። ያነበበው ነገር ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥናት ወጣ። በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው የወጡ 92 ሰዎችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ነው። የቤት እንስሳ ከነበራቸው 53 ሰዎች በዓመቱ ውስጥ የሞቱት 3 ናቸው። እንስሳ ካልነበራቸው 39 ሰዎች ግን 11 ሞቱ። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው። ቢሆንም ብዙ ሐኪሞችን አስደንቆ ብዙ ጥናት አስከተለ።

ለእናትሽ ጉዳይ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ የአክሲዮን ደላላ የሆኑ 48 ሰዎች ተመረጡ። ሁሉም ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሥራቸው ልብ የሚያደርቅ፣ ግፊት ያለባቸው ናቸው። ለሁሉም ሊዚኖፕሪል የሚባል የግፊት መድኃኒት ተሰጣቸው። እኛ አገር በብዛት ከሚታዘዘው ኢናላፕሪል ጋር የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት ነው። ከዚያ ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ውሻ ወይም ድመት እንዲያሳድጉ ተደረገ።

ከስድስት ወር በኋላ ተለኩ። ተረጋግተው ቁጭ ሲሉ ግፊቱ በሁለቱም ወገን ወርዷል። ይህ የመድኃኒቱ ሥራ ነው። ቀጥሎ ሆን ብለው አስጨነቋቸው። ሒሳብ በቃላችሁ አስሉ፣ ንግግር አድርጉ አሏቸው። እንስሳ የሌላቸው ሰዎች ግፊት ሽቅብ ወጣ። እንስሳ ያላቸውም ላይ ጨመረ፤ ጭማሪው ግን የእነዚያ ግማሽ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ወንድምሽ ሳያየው ያለፈ የሚመስለኝ ነገር አለ። ውሻና ድመት ያሳደጉትም ሰዎች መድኃኒታቸውን ይውጡ ነበር። እንስሳው መድኃኒቱን አልተካም። መድኃኒቱ የማይደርስበት ቦታ ደረሰ እንጂ። ስለዚህ ውሻ መጣ፣ ድመት መጣ፣ እናትሽ አንድም ቀን ኪኒናቸውን መዝለል የለባቸውም።

መድኃኒቱ የማይደርስበት ቦታ ምንድን ነው? ሚኒባስ ውስጥ ሆነሽ ኪስሽን ስትዳብሺ ስልክሽ የለም እንበል። ልብሽ ይመታል፣ አፍሽ ይደርቃል፣ እጅሽ ያልብሻል። ይህ አድሬናሊን ነው። ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። ከኋላው ኮርቲሶል የሚባል ሌላ ሆርሞን ይከተላል። ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ነው የሚመነጨው። በደም ውስጥ ስኳር ይጨምራል፣ ሰውነትን ለትግል ያዘጋጃል። ለአንድ ሰዓት ጥሩ ነው። ስልኩ በጠፋ ቁጥር ይበጃል። ሐዘን ግን እንደ ስልክ አይደለም። ብቸኝነትም አይደለም። ጠዋት ይነሳል፣ አብሮ ይውላል፣ አብሮ ያድራል። ኮርቲሶሉም እንዲሁ። ያን ጊዜ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ግፊት ይወጣል፣ ስኳርም ይከተላል።

ይህን የሚያበርድ ሌላ ሆርሞን አለ፣ ኦክሲቶሲን ይባላል። አንቺ ከጥቂት ወራት በኋላ በደንብ ትተዋወቂዋለሽ፤ ምጥ የሚገፋው፣ ጡትም ወተት እንዲሰጥ የሚያደርገው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ውሾችን ከባለቤቶቻቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ተከታተሉ። ዓይን ለዓይን ረጅም ጊዜ የተያዩት ላይ፣ በሰውየውም በውሻውም ኦክሲቶሲን ጨመረ። ያው ነገር በሰው እጅ ባደጉ ተኩላዎች ተሞከረ። አልሠራም። ተኩላ ዓይንሽን አያይም፣ ቢያይሽም ለሌላ ነው።

ለዚህ የግድ የራስ እንስሳ አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ 249 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ። ለ10 ደቂቃ ብቻ ውሻና ድመት የደባበሱት ተማሪዎች ምራቃቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል ቀነሰ። የሌላ ሰው እንስሳ ነው። 10 ደቂቃ ነው። ይህንን ቁጥር ያዢልኝ፣ ወደ ደረጃችሁ ስንመለስ እንፈልገዋለን።

አሁን ግን ቆም እንበል። ስዊድን ውስጥ 3.4 ሚሊዮን ሰው የተካተተበት የ12 ዓመት ክትትል ተደርጎ ነበር። ብቻቸውን ከሚኖሩት መካከል ውሻ ያላቸው፣ ከሌላቸው ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወንድምሽ “ዕድሜ ይጨምራል” ያለው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ውሻ ስላላቸው ነው ጤነኛ የሆኑት? ወይስ ጤነኛ ስለሆኑ ነው ውሻ ያሳደጉት? ጉልበቱ የሚያመው ሰው ውሻ ይዞ በበረዶ ላይ አይወጣም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ5 ሺህ በላይ ልጆች ላይ የተሠራ ጥናትም ይህንኑ ያሳያል። የቤት እንስሳ ያላቸው ልጆች ጤናቸው የተሻለ ነበር። የቤተሰቡ ገቢና ሌላው ሁኔታ ሲሰላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ጉዳዩን መርምሮ በጥንቃቄ ነው የተናገረው። ውሻ ማሳደግ ለልብ ሳይጠቅም አይቀርም፤ ለልብ ብቻ ተብሎ ግን ውሻ አይገዛም ነው ያለው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ቡችላው ባስተማረኝ ዋጋ እስማማለሁ።

ደግሞ የጥናቶቹ ውሻና የእኛ ውሻ ስማቸው እንጂ ኑሯቸው አንድ አይደለም። የስዊድኑ ውሻ ሶፋ ላይ ይተኛል። እኛ ጋ ውሻ ሥራ አለው፣ ዘበኛ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል። ቤት ውስጥ ብቅ ካለ “ውጣ!” ይባላል። (ጃንሆይ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ ነበራቸው፣ ከእግራቸው ሥር የማይለይ። እሱ ግን ቤተ መንግሥት ነው፣ የሚከተለው አሽከር አለው።) ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚውል ውሻ የማንንም ግፊት አይቀንስም። ይልቅ የእሱ ግፊት ቢለካ ያሳስበኛል።

ሌላም አለን። የሰፈር ውሻ። የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ። ሥጋ ቤቱ አጥንት ይወረውርለታል፣ ባለጉሊቷ እንጀራ፣ ጥበቃው ከምሳው ያካፍለዋል። አራት ኪሎ ከምሠራበት ክሊኒክ በር ላይ አንድ ቡናማ አለ። ተራ የሚጠብቁ በሽተኞች “ዛሬ ያነክሳል፣ ምን ሆኖ ነው?” ብለው ወሬ ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ይህንኑ ለክቶታል፦ ውሻ ይዞ የሚሄድን ሰው የማያውቁት ሰዎች ብቻውን ከሚሄደው ይልቅ በጣም አብልጠው ያናግሩታል። የአባቴ ሻይም ከዚያው ነው የመጣው። ውሻው ሰው አመጣላቸው።

እና እናትሽ ምን አጡ? ባላቸውን፣ ቤታቸውን። ሦስተኛውን አልጻፍሽውም፤ ጎረቤቶቻቸውን። ካሳንቺስ ሳሉ ቡና ሲፈላ በአጥር ላይ “ኑ ቡና ጠጡ” የሚባልበት ግቢ እንደነበራቸው እገምታለሁ። ጨው ያነሰው ይበደራል። ጠዋት ያልታየ ሰው “ምነው ዛሬ?” ይባላል። ያ ሁሉ በአንድ ሰሞን ተበትኗል። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ በሩ ብረት ነው፣ ይዘጋል። የፊት ለፊት ጎረቤትሽን ስም ታውቂዋለሽ? እኔ የራሴን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚባለው እንዲያው ለማጽናኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ትልቅ ግምገማ 148 ጥናቶችን ሰብስቦ፣ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን አየ። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ጊዜ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ የበለጠ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚሰማው፣ ከዚህም ጋር በተያያዘ በዓመት ከ871 ሺህ በላይ ሰው እንደሚሞት ገምቷል። ቤት ሙሉ ሰው እያለ ብቸኛ መሆን ይቻላል። እናንተ ስትመለሱ መሽቷል፤ ደክሟችኋል፤ እሳቸውም ይህንን ስለሚያውቁ “ደህና ዋልኩ” ብለው ዝም ይላሉ።

አሁን ወደ ደረጃው እንመለስ። በጥያቄሽ ውስጥ እንደ ዋዛ የጣልሽው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። “ደረጃ ላይ ለምትመጣ ድመት ሳንባ እያስገዛች ታበላለች።” ከቤተ ክርስቲያን በቀር የማይወጡ ሴት ለድመት ሲሉ በር ይከፍታሉ። ሳንባ የሚያመጣላቸው ሰው ይጠራሉ፣ ያወራሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ። በየቀኑ የሚጠብቃቸው ፍጥረት አለ፤ ያዢልኝ ያልኩሽ 10 ደቂቃ እዚሁ ደረጃ ላይ ነው ያለው። አንቺ እየከለከልሻቸው እንኳ አልተዉም። ይህን በሐኪም ዓይን ስታይው ትንሽ ነገር አይደለም። እናትሽ እንስሳቸውን መርጠዋል። እኔ ለአባቴ መረጥኩላቸው፣ ጥፋቴ ያ ነበር። አንቺ አትድገሚው።

ውሻውስ ቢጨመር? ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት ካለ እንኳ መብራት ይጠፋል። ትንሽ ውሻ በቀን ሁለት ሦስቴ መውረድ አለበት። ማን ያወርደዋል? የ68 ዓመት እናት ወይስ የአራት ወር ነፍሰ ጡር? እኔ የማውቀው መጨረሻውን ነው። ውሻው የእናትሽ አይሆንም፣ ያንቺ ይሆናል። መውደቅም አለ። አሜሪካ ውስጥ በውሻና በድመት ተጠልፈው ወድቀው ሆስፒታል የሚሄዱ ሰዎች በዓመት ከ86 ሺህ በላይ እንደሆኑ ተገምቶ ነበር። አብዛኛው በውሻ ነው። በእናትሽ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ከተሰበረ ግፊቱን የሚያስታውሰው አይኖርም።

እንግዲህ ድመቷን በደህና መያዝ ላይ እንነጋገር። አንዱን ካንዱ ሳላስተካክል፣ እንዳሳሰበኝ ነው የማወራው።

ስላንቺ እርግዝና ልጀምር። “ድመት ለነፍሰ ጡር አይሆንም” የሚባለው መሠረት አለው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል። ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ግን ድመቷን በማየት፣ በመደባበስ የሚይዝ ነገር አይደለም። ዓይነ ምድሩ ከወጣ በኋላ ተሕዋሱ በሽታ ማስተላለፍ የሚጀምረው ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ፣ ሲበስል ነው። ስለዚህ የድመቷን ቆሻሻ አንቺ አትንኪ። ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረገው። ከዚያ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፦ ጥሬ ሥጋ። ያው ተሕዋስ በጥሬ ሥጋና በደንብ ባልታጠበ አትክልት ይገባል። ድመት ፈርታ ከደረጃ ዘልላ የምታልፍ ነፍሰ ጡር በበዓል ቁርጥ ስትቆርጥ አይቻለሁ። ክትፎ ካማረሽ በደንብ ይብሰል። ለብ ለብ አይቆጠርም። ሰላጣውን እጠቢ፣ እጅሽንም።

ሳንባው መቀቀል አለበት። ጥሬ የምትበላ ድመት ቶክሶፕላዝማን የምታመጣው በዚያ በኩል ነው፣ ወይም በምታድነው አይጥ። ለውሻ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በበዓል በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ፣ ፊኛ የመሰለ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ? “ይኼማ ለውሻ ነው” ተብሎ ይወረወራል። እዚያ ውስጥ ያለው ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ በእጅና በምግብ ወደ ሰው ይዞራል። ሰው ላይም ጉበት ውስጥ ያንኑ ፊኛ ይሠራል። በቀዶ ሕክምና ሲወጣ አይቻለሁ፣ አንዳንዱ ብርቱካን ያህላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሳንባ ይቀበር እንጂ ለማንም አይሰጥ። ደህናውም ቢሆን ይቀቀል።

ወጥ የነካው እንጀራም አይሰጣት። የእንስሳት ሐኪም የሆነ ጓደኛዬ ነው ያስተማረኝ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትንና የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል። የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። በሁዳዴ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ቤቱ ሲጾም ድመቷም አብራ ልትጾም ነው። እሷ ግን አልተጠመቀችም። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም፤ ሽሮ አያኖራትም። ብዙ ሥጋ ቤት በጾም ስለሚዘጋ እናትሽ ሳንባውን ቀቅለው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ። ከቤት ሰው ዕቃ ግን ለይተው።

ስለ አስሙ። የድመት አለርጂ የሚመጣው ከጸጉሩ ነው ይባላል። ዋናው ግን ምራቋና ቆዳዋ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ ድመቷ ከሄደች እንኳ ቤት ውስጥ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ድመቷ በሩ ላይ፣ ካላችሁም በረንዳ ላይ ትኑር። ምንጣፍና አልጋ ግን አይደለም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፣ በር ክፍት ካገኘች ትገባለች፤ የልጁ መኝታ ክፍል ተዘግቶ ይዋል። ሌሊት ማሳል ከጀመረ ወይም ፓፉን ከወትሮው አብዝቶ ከፈለገ ምግቧ ከበሩ ይራቅ፣ ታች ግቢ ውስጥ ይሁን። የእንስሳ ሻጮች “ይኼ ውሻ አለርጂ የለውም” ብለው ይሸጣሉ። እንዲህ ያለ ዘር የለም።

ለጎረቤት ቁጣ መድኃኒቱ ክትባት ነው። ድመትም የእብድ ውሻ በሽታ ይይዛታል። ወደ እንስሳት ሕክምና ወስዳችሁ አስከትቧት፣ የትል መድኃኒትም ትውሰድ። ሴት ከሆነች እንዳትወልድ አስመክኗት። ድመት ካረገዘች በሁለት ወር ገደማ ትወልዳለች፤ ደረጃው ግልገል ሲሞላ ጎረቤት እውነትም መቆጣት አለበት። ወረቀቱን ይዘሽ የፊት ለፊቱን በር አንኳኪ። “ይህችን ድመት አስከትበናታል፣ እናቴ ጠዋትና ማታ ያበሏታል፣ እኛው እናጸዳለን” በያቸው። እናትሽም አብረው ይቁሙ። ይህ ለድመቷ ፈቃድ መጠየቂያ ነው። ሳይታወቅ ግን በሩን የማንኳኳት ሰበብ ይሆናል።

ከዚህ በታች ያለውን ለልጅሽም፣ ለቤት ሠራተኛም፣ ለሁሉም አስነብቢ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በእብድ ውሻ በሽታ በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው ይሞታል። አብዛኛው አፍሪካና እስያ ውስጥ ነው። ከ10 ሟቾች አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ውሻ ወይም ድመት ከነከሰ ወይም ደም ካወጣ፣ ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት እያያችሁ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና። የድሮ የአዲስ አበባ ሰው “ፓስተር ውሰዱት” ይል ነበር። ዛሬ ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ፣ ክትባቱ ወዳለበት ይልኳችኋል። ትንሽ ቡችላ ነው ብላችሁ አትናቁ፣ ቡችላም ያስተላልፋል። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግ ይጠመቅ፣ ግን ክትባቱን ከወሰደ በኋላ። ቅደም ተከተሉን በመሳሳታቸው ያለቀሱ ወላጆች አውቃለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። “ግድግዳውን ታያለች” ያልሽው ከንክኖኛል። ሐዘን ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ እሱ አያስደነግጠኝም። ግን ጠይቂያቸው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነቅተው ያድራሉ? ከስተዋል? “ምነው እኔንም በወሰደኝ” ይላሉ? የእናትሽ ዘመን ሰው “ከፋኝ” አይልም። “ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ጀርባዬን ይቆርጠኛል” ይላል። እንዲህ ያለው ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ካለ፣ ድመትም ውሻም አይበቃም፤ ሐኪም ይያቸው። ደማቸውም ይመርመር፤ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ሰውን ያፈዛል። ጆሯቸውንም አስፈትሺ። በደንብ የማይሰማ ሰው ከወሬ ይሸሻል፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ግድግዳ ያያል። የአእምሮ ሐኪም ማየት ካስፈለገ “አማኑኤል ሄደች” ይሉኛል ብለሽ አትፍሪ። ጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። አማኑኤል ቢሄዱም ነውር የለውም።

ለወንድምሽ የምትመልሺለት ይኼ ነው። የውሻውን ብር ይላከው። ከሱ ላይ የድመቷ ክትባት ይከፈል። የቀረው ለራይድ ይሁን። የካሳንቺስ ጎረቤቶቻቸውን ስልክ ከእናትሽ ደብተር ውስጥ ፈልጊ፣ አሮጌ ደብተር ውስጥ አይጠፋም። በ15 ቀን አንዴ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ካሉበት አስመጥተሽ ቡና ይፈላ። ጀበናውን እናትሽ ይያዙ። አንቺ አትርጂያቸው።

ግፊታቸውን ጠዋት ከመድኃኒት በፊት፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለው ካረፉ በኋላ ለኪና በደብተር ያዢው። ከሁለት ወር በኋላ ቁጥሩን ጻፊልኝ። የድመቷንም ስም ጨምሪበት። እስካሁን ስም አውጥተውላት መሆን አለበት፣ አንቺ ስላልጠየቅሽ ነው።